የተበላው የካንዴላ ጥርስ

እሁድ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት የስኩተሩን ካንዴላ ልቀይር ተነሳሁ። ስኩተሩ የእሱ ነበር፤ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ነው መንዳት ትቶ ለእኔ የሰጠኝ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በማግስቱ ክትባት በበረዶ ይዤ ከሶዶ ተነስቼ ዲምቱ አጠገብ ወዳለ ቀበሌ መድረስ ነበረብኝ። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ሰብስበው እንዲጠብቁኝ ተነግሯቸዋል።

አዲሱ ካንዴላ አልገባ ሲለኝ በመፍቻ ታገልኩት። መጀመሪያ ጠነከረብኝ፤ ከዚያ በድንገት ላላ አለና ዝም ብሎ ይሽከረከር ጀመር። ስነቅለው የሞተሩ አሉሚኒየም እንደ ፀጉር ተጠምጥሞበት ወጣ። ካንዴላው የሚታሰርበትን የቀዳዳውን ጥርስ በልቼዋለሁ። መልሼ ሰክቼው ምንም እንዳልተፈጠረ ልሆን ሳስብ የግቢው በር ተከፈተ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነበር። አንዴ ማየት በቃው።

"በእጅሽ ነው ወይስ በመፍቻ ያስገባሽው?"

"በመፍቻ፣ አባዬ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከመሣሪያ ሣጥኑ አዲስ ጥርስ የሚያወጣውን ብረትና በተበላው ጥርስ ቦታ የምትገባ፣ እንደ ሞላ የተጠቀለለች ትንሽ ማስገቢያ አወጣ። የሚፋቀው የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ተጣብቆ እንዲቀርና ሞተሩ ውስጥ እንዳይወድቅ ብረቱን ግሪስ ቀባና ቀዳዳው ላይ ሊያቆመው ሞከረ። ጫፉ ጠርዙን ኳ ኳ አደረገው። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ ብረቱን ዘረጋልኝ።

"አንቺ ያዢ። ከተንጋደደ ሞተሩ አበቃለት።"

ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። እሱ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። እናቴ ለምሳ ስትጣራ በቋንቋችን በወላይታቶ ጮኸባት፤ እንዲያ ሲጮህባት ሰምቼ አላውቅም። መሐል ላይ ብረቱ ቀጭ አለ።

"ቁሚ! እንዳትገፊው! ወደ ኋላ መልሺው።"

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንደምንም ጨርሼ ብረቱን ሳወጣ አንዲት የምታብለጨልጭ ፍቅፋቂ ቀዳዳው ውስጥ ስትወድቅ አየሁ። እሱ አላየም። ዝም ብል ሞተሩ ይነሳል፤ ምናልባት ዲምቱም ያደርሰኛል።

"አባዬ፣ አንድ ወደቀች።"

"እንኳን ነገርሽኝ" አለ።

ጫፉ ግሪስ የተቀባ ቀጭን እንጨት እየሰደድኩ ፈለግኳት። ሦስት ጊዜ ባዶ ወጣ። በአራተኛው ይዟት መጣ። ማስገቢያዋን አዲሱ ጥርስ ላይ አስገብተን ካጠበቅን በኋላ ካንዴላውን በጣቴ ብቻ አዞርኩት፤ እስከ መጨረሻው ለስልሶ ገባ። ሞተሩን ስረግጠው አንዴ አሳለውና ተነሳ። አባቴ መዳፉን ካንዴላው አጠገብ አድርጎ አየር እንደማያስወጣ አረጋገጠ።

ሰኞ ክትባቱ በሰዓቱ ደረሰ። ማታ ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"መንገድ ላይ ስንቴ ቆመሽ ካንዴላውን አየሽው?"

"ሦስቴ።"

"እኔ ብሆን ስድስቴ እቆም ነበር" አለና ሳቀ።