ባሌን ማንም እንዳያነሣው

ባሌ ዲሹን ላስተካክል ብሎ ጣሪያው ላይ የወጣው ኳሱ ሊጀምር ሲል ነው። "ተው፣ ባለሙያ ይምጣ" ብዬው ነበር፤ መቼ ይሰማኛል። ቆርቆሮው አንሸራቶት ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ወደቀ።

ድሬ ውስጥ ሰው ወድቆ ቆሞ የሚያይ የለም። ጩኸቴን ሲሰማ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ባጃጅም በር ላይ ቆመ። አንዱ ብብቱን፣ አንዱ እግሩን ሊይዝ ሲያጎነብስ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ "ማንም እንዳይነካው" አልኩ።

"የቱ ጋ ነው ያመመህ?" አልኩት።

"ጀርባዬን። እግሬም ደነዘዘኝ።"

የእግሩን ጣቶች እንዲያንቀሳቅስ ነገርኩት፤ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። እነዚያ ጣቶች መንቀሳቀስ እንዳያቆሙብኝ ነበር ጭንቀቴ ሁሉ።

አንዷ ጎረቤቴ ወጌሻ ይሸው አለች። ባለባጃጁ ደግሞ፣ "አቦ፣ ሰውየው እየተሠቃየ! ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?" አለኝ።

"ልቤን ተወውና አምቡላንስ ጥራልኝ" አልኩት። ባሌ በዚያ ሙቀት "አንሡኝ" እያለ ለመነኝ። ቢሆንም ጭንቅላቱን አልለቀቅኩም። ሴቶቹ በነጠላቸው ጥላ ሠሩለት።

አምቡላንሱ ሲመጣ ባለሙያው እነዚያኑ ጎረቤቶቼን ጎን ለጎን አሰለፋቸው። ጭንቅላቱ፣ ጀርባውና እግሩ ሳይጣመም እኩል አገላብጠው ሰሌዳ ላይ አስተኙት። ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሣ። "አንዱ የጀርባ አጥንት ተሰብሯል፤ ነርቩ ግን አልተነካም" አሉን። በመደገፊያ ይድናል ተባለ።

መደገፊያው ከደረት እስከ ወገብ ጠፍሮ የሚይዝ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በድሬ ሙቀት ይህን መልበስ ቀልድ አይደለም። "ተቀቀልኩ፣ አውልቂልኝ" ይለኛል በየቀኑ። "ከፈለግህ ፍታኝ እንጂ አላወልቅልህም" እለዋለሁ። ወደ ፊዚዮቴራፒውም እያኮረፈ ወሰድኩት።

መራመድ ሲጀምር ወንድሜ ከሁርሶ ሊጠይቀው መጣ። ወንድሜ ከዓመታት በፊት ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ነበር። የሚወዱት ጓደኞቹ እጅና እግሩን ይዘው አነሡትና ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈው አስገቡት፤ ከዚያ ወዲህ በዊልቸር ነው የሚሄደው። የተሰበረ ጀርባ እንዲያ እንደማይነሣ ሐኪሞቹ የነገሩኝ ያኔ ነው።

ባሌ በእግሩ ሄዶ በር ላይ ተቀበለው። ወንድሜ የባሌን እግሮች ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

"ምነው ያኔ አጠገቤ በነበርሽ" አለኝ።