ኬላ ላይ የተወረሰው የእንጉዳዬ ከሰል

ዛሬ ጠዋት ከዋጫ ወደ ቦንጋ ስመለስ ኬላ ላይ ጆንያዬን ወረሱብኝ። ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው!

ጆንያው ውስጥ ያለው ከቡና ገለባ ያከሰልኩት ዱቄት ነው። ለመድኃኒት የሚሆነውን እንጉዳይ የማበቅልበት የመጋዝ ብናኝ ውስጥ እቀላቅለዋለሁ፤ እርጥበት ይይዝልኛል።

የኬላውን ጥበቃ «አንድም ዛፍ አልቆረጥኩም» ብዬ ለመንኩት።

«እትዬ፣ ከሰል ከሰል ነው። እኛ ደን ነው የምንጠብቀው!» አለኝ። (ደኑን የሚጠብቀው ከእኔ ከገለባ ለቃሚዋ መሆኑ ነው።)

ከሰዓት የሰፈራችንን የአንድ ለአምስት መሪ ይዤ ጥበቃውን ላስረዳው ወደ ኬላው ተመለስኩ። ጥበቃው ዱቄቴን የከሰል ምድጃው ላይ ከምሮ ያራግባል፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ የጣደው ማንቆርቆሪያ ግን አልሞቀም።

ቀና ብሎ አየኝና ጭራሽ ወቀሰኝ፦ «እትዬ፣ ይሄ ከሰልዎ አልያያዝ አለኝ እኮ!»

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ የተወረሰባችሁን ዕቃ ማን ምድጃ ላይ አገኛችሁት?