ፈሪው ውሻችን የቡና ዘበኛ የሆነበት ሳምንት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት በተዘጋ ሰሞን ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሚስቴም "ደሞ ጀመረው" ትላለች። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ። ዕድሜ ልኬን በሰው ስቀልድ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀለደብኝ ያኔ ስለሆነ መሰለኝ የማልረሳው።

ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በርጩማ እሠራለሁ። መኖሪያዬ ቦሳ አዲስ ነው። ከሚስቴ ከጽጌና ከአንድ ልጄ ከመክሊት ሌላ ነብሮ የሚባል ውሻ አለን። ቡችላ እያለ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አድጎ ግን አንድ ቀን እንኳ ስሙን አልመሰለም። ነጎድጓድ ሲመጣ አልጋ ሥር ይገባል። የጎረቤት ድመት ብቅ ካለች ምግቡን ትቶላት ይነሳል። ሌባ ቢመጣ ዕቃ ያለበትን ክፍል የሚያሳየው ይመስለኛል። ቢሆንም ልጄ ከእኔ አስበልጣ ትወደዋለች። ይሄ ማጋነን አይደለም፤ ጠይቄያት መልሳልኛለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ "ዘንድሮ ሐዋሳ እወስዳችኋለሁ" ስል ከርሜ፣ ባለፈው ዓመት እውነቴን ሆነ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ሻንጣ ወረደ። በዚህ መሀል መክሊት "ነብሮስ?" አለች።

ማንም አላሰበበትም ነበር።

"እሱ ጥሩ ቦታ ካላገኘ እኔ አልሄድም" ብላ ቁጭ። እናቷም "እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድ" አለች። እኔ ብቻዬን ሐዋሳ ሄጄ ከዓሣ ጋር ምን ላወራ ነው?

አዲስ አበባ የውሻ ማቆያ እንዳለ፣ ውሻው አልጋም ሐኪምም እንደሚመደብለት ሰምተን ነበር። ጅማ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገረን ሰው አላገኘንም። ስለዚህ ዘመድና ጎረቤት ማሰስ ጀመርን። መክሊት ስልክ ላይ ያነበበችውን ጥያቄ ሁሉ ደብተር ላይ ጽፋ እንደ ጤና ተቆጣጣሪ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። አጥሩ ቀዳዳ አለው? ውሃው በቀን ስንት ጊዜ ይቀየራል? ጥላ አለ? የነብሮን የክትባት ካርድም ይዛለች፤ እኔ የራሴ መታወቂያ የት እንደገባ ሳላውቅ። የጽጌ ወንድም በአጥሩ ወደቀ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በድመታቸው ወደቁ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ "አስሬ አቆየዋለሁ" ከማለቱ ደብተሩ ተከደነበት። ግማሽ ጅማን ዞረን ግማሹን አስቀየምን።

በመጨረሻ ከሥራ ቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸውን ሐጂ ከድርን አማከርኩ። ሐጂ የቡና ነጋዴ ናቸው። ሃያ ዓመት ጎረቤት ስንሆን አንድ ቀልድ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔ ስቀልድ ጢማቸውን እየነካኩ ያዳምጡኛል፤ በቃ።

"ለቤት አይሆንልኝም ግርማ" አሉ። "ምራቁ ከነካን ሰላት አለብን፣ ማጠቡ ብዙ ነው፤ ታውቀዋለህ። አዝመራ የሚጠብቅ ውሻ ከሆነ ግን ፈቃድ አለው። ሊሙ ገነት ቡናዬ ገና አልጋ ላይ ነው። ውሻህ ይጠብቃል ወይ?"

የቡና አልጋ የሚሉት ፍሬው ተሰጥቶ የሚደርቅበትን ከፍ ያለ የሽቦ ርብራብ ነው። የጥያቄያቸው መልስ "አይጠብቅም" ነበር። ግን የእኔ አፍ መቼ በአንድ ቃል ያቆማል?

"ነብሮ? ምን ማለትዎ ነው ሐጂ! አምና ጅብ ግቢያችን ገብቶ፣ ነብሮ አንዴ ቢጮህበት እያለቀሰ ነው የወጣው። እስከ ዛሬ በእኛ ሰፈር ጅብ የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ነው።"

ሐጂ ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "ማሻአላህ! እንግዲያው በደንብ ሆነ። እዚያ ሁለት ዘበኞች አሉኝ። አንደኛው ቤተሰቤን ልጠይቅ እያለ ሲለምነኝ ከርሟል። እንዲህ ያለ ውሻ ካለማ እሱን ለሳምንት እሰደዋለሁ።"

 ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግን "ሁለቱንም ቢሰዷቸው አያሳስብም" አልኩ። ምላሴ እንዲህ ያለ ጠላቴ ነው።

በማግስቱ በሐጂ አይሱዙ ሊሙ ገነት ሄድን። ቡናው ዘንድ የተቀበሉን ዘበኛው አባ ዱራ ነበሩ፤ ሸምገል ያሉ፣ ረጅም ሰው። መክሊት ደብተሯን ዘርግታ ከላይ እስከ ታች ጠየቀቻቸው። ጥላው ከአልጋው ሥር፣ ውሃው ከምንጭ፤ ሁሉም አለፈ።

"ያስሩታል?" አለች በመጨረሻ።

"ሰሬ ለምን ይታሰራል ልጄ?" አሉ አባ ዱራ፣ ውሻውን በኦሮምኛው እየጠሩ። "እኔስ ታስሬያለሁ?"

ደብተሯን ከደነች። "አባዬ፣ እዚህ ይሁን" አለች።

ሐዋሳ እንዴት ነው ብትሉኝ አላውቅም። ሐይቁን አየሁት፤ ውስጤ ግን ሊሙ ነበር። ዓሣው ሲቀርብልኝ የሚታየኝ ሌቦች መኪና አስጠግተው የሐጂን ቡና ሲጭኑ፣ ነብሮም ጭራውን እየቆላ ጆንያ ሲያቀብላቸው ነው። የሰውዬው የዓመት ልፋት ጠፍቶ ቢገኝ የማይበት ፊት አልነበረኝም። ጽጌ ነገሩን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ፣ አሁኑኑ ደውለህ ንገራቸው!"

ደወልኩ። "ሐጂ፣ ነብሮ እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ ላይ ነው።" ከዚያ ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። "ሌላ የምትለኝ አለ ግርማ?"

"የለም፤ ሰላም ልበልዎ ብዬ ነው።"

በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው። ጽጌ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች።

በተመለስን ማግስት ነብሮን ለመውሰድ ከመክሊትና ከሐጂ ጋር በዚያው አይሱዙ ወጣሁ። ሊሙ ገነት ልንገባ ስንል ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

"ሐጂ፣ ያ ጅብ ውሸት ነው። ነብሮ ድመት ይፈራል። ቡናዎ ጎድሎ ከሆነ እስክከፍል ድረስ አልጋ ስሠራልዎ እኖራለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

 ሐጂ ከመስኮቱ ውጪ ያያሉ። መክሊት ደግሞ እኔን።

ደረስን። ቡናው ከነአልጋው አለ። ከሥሩ አባ ዱራና ሌላ ጎልማሳ ሰውዬ ምሳ ይበላሉ፤ በሁለቱ መሀል ነብሮ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተንጋሏል። ወፍሯል። ልጄ ስትጠራው ዘሎ ተነስቶ ሊጥላት ደረሰ።

"ሰውዬው ማነው?" አልኩ።

"ሁለተኛው ዘበኛዬ ነዋ" አሉ ሐጂ።

"ቤተሰቡ ዘንድ አልሄደም እንዴ?"

ይሄኔ ሐጂ ከድር ሳቁ። የመኪናውን በር ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ። ሃያ ዓመት ያጠራቀሙትን በአንድ ቀን አወጡት ብል ይቀለኛል።

"አንተ የነገርከኝን ሁሉ ለአሥር አካፍዬ ነው የምሰማው" አሉ። "ጅብ አስለቀሰ ስትለኝ፣ ይሄ ውሻ ጥላውን ይፈራል አልኩ። ዘበኛዬ ቡናው መጋዘን ሲገባ ይሄዳል። አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምትቀልደው?"

"ታዲያ ለምን ተቀበሉኝ?"

"ልጅህን ስድስት ዓመት ሐዋሳ እወስዳታለሁ ስትል ሰምቻለሁ። ወላሂ፣ እሱንም ቀልድ ልታደርገው ነው ብዬ ፈራሁ።"

 አመሰግናለሁ ልል ስል አባ ዱራ ቀደሙኝ። "ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው እኮ ውሻው። በመጀመሪያው ቀን ዶሮ አባርራው እኔ ኋላ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሄድኩበት ሁሉ አለ። ከእሱ ጋር በተራ ነው የምንቆመው" አሉ ወደ ጓደኛቸው እያዩ። "አንዱ ሲጠብቅ አንዱ ይተኛል። ከማን ጋር አወራለሁ? ይሄኛው ጆሮውን አቁሞ ይሰማኛል። በሚቀጥለውም አምጡት።"

ስልኩ ላይ የነበረው ያ ዝምታ የገባኝ ወደ ጅማ ስንመለስ ነው። መስመሩ አልነበረም የተቋረጠው። ሰውዬው እንድናገር ጊዜ ይሰጠኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ። አፈርኩ፤ ግን ደስ የሚል ዓይነት ማፈር ነው።

ዘንድሮም የትምህርት ቤቱ እረፍት ደርሷል። ትናንት ወደ ሐጂ ሱቅ ተሻግሬ "ሐጂ፣ ለሳምንት ውሻዬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ" አልኳቸው። ጅብ አላነሳሁም፤ ነብርም አላነሳሁም። ሐጂ ትንሽ ጠበቁ፣ የሚጨመር ነገር ካለ ብለው። አልጨመርኩም። "ኢንሻአላህ፣ መኪናው ሐሙስ ይወጣል" አሉኝ። እንደዚያ አጭር ነገር ተናግሬ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።