በሁዳዴ የተሰማ ሳክስፎን

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት የለውም። በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል ባለች ክፍተት የደባርቅ ብርድ ይገባል፤ ብርሃኑም የሚገባው በዚያችው ስለሆነ እንድፈናት ማለት አይቻልም። አንዲት ሴት ባዶ ጆንያ አንጥፋ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተቀምጣለች።

ልማድ ሆኖብኝ "ቤት ለእንቦሳ" አልኩ።

"እንቦሳ እሰሩ አልልሽም እቴ፣ እኛኑ አስረውናል" አለችኝና ከጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

የዳባት ሴት ናት። ባሏን ፈልገው ቢያጡት እሷን አመጧት። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ዝቅ አደረገችና "አንቺንስ በምን አመጡሽ?" አለች።

"በሙዚቃ።"

"አዝማሪ ነሽ እንዴ?"

"ኧረ የለም! ከቤቴ ሙዚቃ ተሰማ ብለው።"

"በሁዳዴ?" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ በባዶው መጋዘን አስተጋባ። "ድሮስ የደባርቅ ሰው መቼ ጾም ያውቃል!"

እኔም ሳቅ መጣብኝ፣ ግን አልወጣልኝም። 

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ በልጅነቴ እዚሁ ደባርቅ አንድ አልቤርጎ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ጥሩምባ ነፊ የነበረ ሰው ነው። መንግሥት ሲለወጥ ወዳገሩ የተመለሰው አንድ ሣጥን ሙሉ ካሴት ይዞ ነበር። እኔ ጓሮ ሳጥብ ቴፑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጥና ይከፍታል። "ጃዝ ይባላል" አለኝ። "መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ ስሚ። ከዚያ ባሱን። የሚነፋውን መጨረሻ ስሚው፣ እሱ የትም አይሄድብሽም።" እንዳለኝ አደረግሁ። አንሶላውን ስጨምቅ ከበሮውን፣ ሳሰጣ ባሱን እያደመጥኩ፣ ሳላስበው ጆሮዬ ተከፈተ።

ካሴቱ ላይ ያለው ጽሕፈት የፈረንጅ ስለሆነ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ ለነፊዎቹ ራሴ ስም አወጣሁላቸው። አንዱን ሳክስፎን ነፊ "ጭጋጉ" አልኩት፤ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቀስ እያለ አገሩን እንደሚያለብሰው እንደኛ ጭጋግ ነው የሚመጣው፣ መቼ እንደጀመረ አታውቅም፣ ድንገት መሀሉ ነህ። ፒያኖ የሚመታውን "ቆጣቢው" አልኩት፤ አንዷን ይነካና ዝም ይላል፣ ሌላዋን ለነገ ያስቀመጠ ይመስላል። እጁ የፈጠነ ሌላ ፒያኖ መቺም ነበር፣ እሱን አልወደውም። ብዙ ያወራል፣ የሚነግረኝ ግን የለም።

ባለቤቱ ጥሩምባን የሚያህል የለም ባይ ነበር፤ ነፊ ስለነበረ ያዳላል። እኔ ደግሞ "ጥሩምባ ያዝዛል፣ ሳክስፎን ግን ያስባል" እለዋለሁ። "አንቺ አንሶላሽን እጠቢ!" ይለኛል፣ ይስቃልም። የኛም አገር ሰዎች በትዝታ ቅኝት የተጫወቱት ነበር፤ እንደ ብርጭቆ የሚንቃጨል መሣሪያ አለበት። ያ ልቤን ይነካው ነበር፣ ከበሮው ቢቸኩልብኝም። አሁን አሁን በኮምፒውተር የሚሠሩት ግን አይገቡኝም። መብራት በርቶ ሰው እንደሌለበት ቤት ናቸው።

ከሁሉ የምወደው ጭጋጉ መጠጥ ቤት ውስጥ የተጫወተው ነው። ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል። መሀል ላይ አንድ ሰው ይስላል፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አፍኖ። ያ ሰው አሁን ሞቶ ይሆናል፤ ሳሉ ግን አለ። ያ ካሴት ባለበት ቤት ሁሉ ይስላል። ብዙ ጊዜ እያሰብኩት ይገርመኛል።

ባለቤቱ ሲሞት ሚስቱ ካሴቶቹን ሰጠችኝ። ቴፑ ሲበላሽብኝ ልጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጠልኝ፣ ትንሽ ስፒከርም ገዛልኝ። ልጄ አንድ ነው፤ ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ሰፈር ለቱሪስት በቅሎ እየሳበ ነበር የሚኖረው። እሱ ራሱ ሙዚቃውን አይወደውም። "እማ፣ ይሄ ሰውዬ ዘፈኑን መቼ ነው የሚጀምረው?" ይለኛል። መንደሩ ግን ስፒከሩን ተሸክሞ ሲገባ ያየው እሱን ነው። በርበሬና ሽሮ እየሸጠች የምትኖር ሴት ጃዝ ትሰማለች ብሎ ማን ያስባል?

ጦርነቱ መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ፣ የሱ እኩዮች መታፈስ ጀመሩ። እኔም በእግሩ ወደ ወንድሜ ሰደድኩት፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ። ዛሬ ልጄም ወንድሜም እዚያ የሉም፤ ቢኖሩ ኖሮ የአገሩን ስም አልጽፍም ነበር። ሰው "ጫካ ገባ" አለ። አልገባም እንዳልል የት አለ ይሉኛል።

ሁዳዴ ገባ። ስለ ሙዚቃው የንስሐ አባቴን ቀድሞ ጠይቄያቸው ነበር። "አባቴ፣ ቃል የለውም፣ መንፋት ብቻ ነው። ጾም ያስፈታል?" ብላቸው መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩና "እግርሽ ከተነቃነቀ ዘፈን ነው። ካልተነቃነቀ እግዜር ያውቃል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጾም ስሰማ እግሬን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ ነው።

ሙዚቃው የተሰማ ዕለት ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፣ የልጄን ድምፅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፣ ጭንቀቱ አላስቀምጠኝ አለ። አመሻሽ ላይ ስፒከሩን ጋቢ ውስጥ ሸፍኜ ከፈትኩት። ጎረቤቴ በግድግዳው ሰማች። ክፉ ሰው አይደለችም። በነጋታው ከቅዳሴ ስትወጣ ለሴቶቹ "እሰይ፣ ያቺ ምስኪን ልጇ መጣላት መሰል፣ በጾም ሙዚቃ ያስከፈታት ደስታ ነው" አለች። ደስ ብሏት ነው ያለችው። ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ እኔ ዘንድ ግን የመጣው ከመንግሥት ታጣቂዎች ጋር ነው።

ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ "ቁጭ በይ እናት" አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የኔው ስፒከር ተቀምጧል፣ ፍላሹ እንደተሰካ። ስፒከሩን ሰው እጅ ሳየው ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

"ይሄን ሲሰማ የነበረው ማነው?"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ነኝ ብል እውነት ነው። ግን እኔ ከሆንኩ ልጄ አልመጣም፤ ካልመጣ ቀጣዩ ጥያቄ "ታዲያ የት ነው?" ነው። በዚያ ጥያቄ ቢያስጨንቁኝ ምን ያህል እንደምጸና አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እንደማልጸና አውቅ ነበር።

"እሱ ነው" አልኩ።

"መጥቶ ነበር?"

"መጥቶ ነበር።"

"አሁንስ?"

"ወደ ቆላ ወረደ። በአዲ አርቃይ በኩል።" ልጄ ካለበት ሌላ አቅጣጫ ነው።

"አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አትሰሚም?"

"እኔ? ምኑን ብዬ ጌታዬ? ቃል የለው፣ ምን የለው።"

ይህን ስል ውስጤ ቅር አለው። ያሳደጉኝን ሰዎች አላውቃቸውም ያልኩ ያህል ነው።

ዓይኑን ከኔ ሳያነሣ ቁልፉን ተጫነው። ጭጋጉ መጣ፤ ያው መጠጥ ቤቱ፣ ያው ብርጭቆው። መርማሪው ሙዚቃውን አልነበረም የሚሰማው፣ እኔን ነው የሚያየው። እግሮቼን ከወንበሩ ሥር አቆላልፌ ያዝኳቸው። የንስሐ አባቴ ሥርዓት ለዚህ ይሆነኛል ብዬ አላስብም ነበር። ፊቴን እንደ ሞኝ አደረግሁ። ጭጋጉ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ሊያርፍ ሲል ቆጣቢው ተቀበለው።

እዚያ ላይ መርማሪው "ኤጭ፣ ጆሮ ያደነቁራል" ብሎ እጁን ሊያጠፋው ሰደደ።

"ይጨርስ እንጂ" አልኩ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ምን አልሽ?"

አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ልጄን በገዛ አፌ የሸጥኩት መሰለኝ። ቢሆንም አሁን "ግድ የለም፣ ያጥፉት" ማለት አልመጣልኝም። ሰውየው እየተናገረ ነው፤ እየተናገረ ያለን ሰው አፍ እንዴት ይዘጉታል?

"ልጄ መሀል ላይ ሲያቋርጡበት አይወድም" አልኩ። "እኔም ሳላውቅ አጠፋሁበትና ተቆጣኝ። እና እንዲያው... ይጨርስ።"

አተኩሮ አየኝ። ያመነኝ ይሁን ያዘነልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው። እሱም እኔም እስከ መጨረሻው ሰማን። መሀል ላይ ያ መጠጥ ቤት ያለው ሰው ሲስል መርማሪው ቀና አለና "አሞታል እንዴ ይሄ?" አለ።

ያቺን ሳል ስንት ዓመት ሳስባት እንደኖርኩ ልነግረው ዳር ደረስኩ።

"እንጃ" አልኩት።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ የዳባቷ ሴት ቆሎዋን አካፈለችኝ። "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሙዚቃው ያንቺ ነው የልጅሽ?"

ወደድኳት፣ ግን ማንን አምናለሁ? "የልጄ ነው" አልኳት።

"አይ የዘመኑ ልጅ! እናቱን ለእስር ትቶ እሱ ጥሩምባ ያዳምጣል። ወልዶ ምን ያደርጋል እቴ?" ብላ ልጄን እየሰደበች ቆሎዋን ታኝካለች። ልጄ ሲሰደብ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ "ጥሩምባ አይደለም፣ ሳክስፎን ነው" ልላት አሰብኩና ቆሎውን አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

ልጄን በቆላው በኩል ሲፈልጉት ሰነበቱ። በኋላ እኔን ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው አስወጡኝ። ስፒከሩን መለሱልኝ፣ ፍላሹ ኤግዚቢት ነው ተብሎ ቀረ። የዳባቷን ሴት እዚያው ትቻት ወጣሁ፤ ስንብታችን አጭር ነበር፣ ባሏ እንዲገኝ ልመርቃት ወይስ እንዳይገኝ ቸግሮኝ።

ልጄ ዛሬ ከማይደርሱበት ቦታ ነው። ሲደውል ይስቅብኛል፦ "እማ፣ ያን ጩኸት የኔ ነው አልሽ? ስሜን እኮ ነው ያጠፋሽው።" ካሴቶቹን በሰው ብልክለት እንደገና አስገልብጦ መለሰልኝ። አሁንም ሲመሽ እከፍታለሁ። መንደሩ "የልጇ ናፍቆት ነው፣ በሙዚቃው ትጽናናለች" ይላል። አላርምም። ጊዜው ገና ነው፣ ፍርሃቱም አልለቀቀኝም። ደግሞ ነገሩን ሳስበው ሐሰት ብቻ አይመስለኝም። ልጅ ሆኜ ጓሮ ያገኘሁትን፣ የራሴ የምለውን አንድ ነገር፣ በልጄ ስም አስቀመጥኩት። እሱ አይሰማውም፤ እኔ በሱ ፈንታ እሰማለሁ።

ጎረቤቴ ከተፈታሁ ወዲህ ዓይኔን ሸሽታ ከርማ ነበር። እኔም ምን እላታለሁ? በቀደም አመሻሽ ላይ ከፍቼ፣ ድምፁን እንደ ልማዴ አሳንሼ ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ተንኳኳ። ደነገጥኩ፣ እጄ ለማጥፋት ሄደ።

"እታለም" አለች ጎረቤቴ ከወዲያ ማዶ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። "አይሰማም እኮ። ከፍ አድርጊው እንጂ።"

ከፍ አደረግሁት።