የአባቴ የፔዳል ቆጠራ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቦንጋ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በብስክሌት ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ማርሽ በሌላት ብስክሌት ያን ሁሉ ዳገት እንዴት እንደቻለው የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ ከቦንጋ ራቅ ብላ ባለችው ዋጫ ከተማ ተመድቤ ማስተማር ስጀምር ባለማርሽ ገዛሁ። ጉልበቴን ለማሳየት ሁልጊዜ ከባዱን ማርሽ አስገብቼ፣ ከኮርቻው ተነስቼ እረግጥ ነበር። ለእረፍት ቦንጋ ስመጣ አባቴ በር ላይ ቆሞ እያየ ይስቅብኛል፤ ግንድ የምትገፋ ነው የምትመስለው ይለኛል። ማርሹን አቅልለህ ቀኝ እግርህ በወረደ ቁጥር ቁጠር፣ ሁለት ሲወርድ አየር ሳብ፣ ሁለት ሲወርድ አስወጣ፤ ዳገት ሲመጣ ማርሹን ቀይር እንጂ ቆጠራውን አትቀይር ብሎ ይመክረኛል። እኔ መቼ ሰምቼው። የሽማግሌ አነዳድ ነው ብዬ ናቅኩት።

አንድ ቀን ጠዋት ርእሰ መምህሩ ከክፍል አስጠሩኝ። ከቦንጋ ስልክ ተደውሎ ነበር። አባትህን ትንሽ አሟቸዋል አሉኝ፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና ከሁለት መምህራን ጋር እንድሄድም መከሩኝ። ይህን «ትንሽ አሟቸዋል» እኔ ራሴ ለስንቱ ተናግሬዋለሁ። መርዶው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪነገር ድረስ ሰው የሚሸኝበት ቃል መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ለእኔ ሲነገር ግን አመንኩ። ማመን ስለፈለግኩ ነው። ቶሎ ደርሼ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ዳገት እንደ ልማዴ በከባድ ማርሽ ተያያዝኩት። ግማሽ ሳልደርስ ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ወርጄ እየገፋሁ አንዲት ባለሱቅ ደጅ ደረስኩ። አባቴን የሚያውቁ እናት ናቸው። ውሃ ሰጡኝና ዓይኔን ሳያዩ፣

«ቀስ ብለህ ሂድ ልጄ፣ አትቸኩል» አሉኝ።

ተናደድኩባቸው። አባቱ የታመመ ሰው እንዴት አይቸኩልም? ጠዋት ከቦንጋ የሚነሳው ሚኒባስ እሳቸው ደጅ እንደሚቆም፣ ወሬውም አብሮ እንደሚወርድ ትዝ አላለኝም።

በዚያ ጉልበት ግን ቦንጋ እንደማልደርስ ገብቶኛል። ሲጨንቀኝ የአባቴን ምክር ሞከርኩ። ማርሹን አቀለልኩና መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ እግሬ ባዶ የሚዞር መሰለኝ፣ አፈርኩም። ቆይቶ ትንፋሼ ከእግሬ ጋር ተስማማ። ዳገቱ ሲበረታ ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ሜዳው ሲመጣ እጨምራለሁ፤ ቆጠራው ግን ያው ነው። ጫካው ግራና ቀኝ ያልፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ደስ አለኝ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የምነግረውን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያንተ ቆጠራ ነው ያደረሰኝ ልለው ነበር።

ቦንጋ ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባጃጆቹን አልፌ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ በራችን ላይ ድንኳን አየሁ። እግሬ አላቆመም። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ ድንኳኑ ድረስ ዞረ። የእድሩ ዳኛ ብድግ ብለው መጡና የብስክሌቱን መሪ ከእጄ ተቀበሉ።

«ማነው ብቻህን የለቀቀህ?» አሉ።

አባቴ ሌሊቱን አርፎ፣ እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ቀብረውት ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደጮህኩ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። እኔ የማስታውሰው ከብስክሌቱ የወረድኩበትን ቅጽበት ነው። ያን ሁሉ ዳገት መጥቼ ትንፋሼ አልተቆራረጠም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የሚያየኝ ግን አልነበረም።