የድንጋዩ ዱቄት

ባሌ ድንጋይ መልቀም የጀመረው አንድያ ልጃችንን ከቀበርን ብዙም ሳይቆይ ነው። ሰበታ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ መካኒክ ነበር። በሥራ ቀን ማሽኑ ሐሳቡን ያስረሳዋል፤ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት መቀመጥ አቃተው። የልጃችን አልጋ የነበረበትን ጥግ ላለማየት ወደ ወጨጫ ተራራ ግርጌ ይወጣል፤ ሲመለስ የኮቱ ኪስ በድንጋይ ተወጥሮ ነው።

“ምን ልታደርገው ነው?” አልኩት።

“እንጃ። ብቻ እጄ ባዶ አይሆንም።”

እያደር ድንጋይ መለየት ተማረ። መጀመሪያ በጥፍሩ ይፍቀዋል፤ ጥፍር ካልነካው በቢላዋ፤ ቢላዋም ካልበገረው ድንጋዩን በጠርሙስ ላይ ይጭራል። ሎሚ ጠብ ሲያደርግበት አረፋ ካወጣ “የኖራ ድንጋይ ነው” ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። አንዳንድ እሑድ ቡራዩ ድረስ ሄዶ ድንጋይ ጠራቢዎቹ የጣሉትን ስባሪ ሲያገላብጥ ይውላል። ከወጨጫ ሥር የሚያርሱ አንድ ሽማግሌም ነበሩ፤ በኦሮምኛው አክብሮት ኦቦ ነበር የምንላቸው። ማረሻቸው ያወጣውን ጥቁር ባልጩት ያስቀምጡለታል። “አካም ጂርታ? ደህና ነህ? ያንተን ሰብል ለቅሜ ጠበቅሁህ” ይሉታል እየሳቁ።

በኋላ መርገጫዋ ደህና የሆነ አሮጌ የስፌት መኪና ገዝቶ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ ገጠመላት። ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ባልጩቱን ይሞርዳል። ሲያልቅ እንደ ድመት ዓይን ያበራል። በመዳብ ሽቦ አቅፎ መጀመሪያ ለእኔ ጉትቻ ሠራልኝ፤ ቀጥሎ ለእህቶቼ የአንገት ጌጥ። ጉትቻውን ጆሮዬ ላይ ሲያደርግልኝ ፊቱ ፈታ ብሎ አየሁት። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። “ወርቅ አግኝቷል” ተባለ። አጥራችን ላይ ሰው መንጠልጠል ጀመረ፤ ቀጥሎ ጭቃ ሹሙ ከነዘበኛቸው መጡ።

“ከመሬት የሚወጣ ሁሉ የመንግሥት መሆኑን አታውቅም?” አሉት።

“ጌታዬ፣ ድንጋይ ነው። ይዩት።”

አገላብጠው አዩት። “ድንጋይ ከሆነማ ምን ያንከራትትሃል?”

ባሌ የልጃችንን ነገር ለእሳቸው ምን ብሎ ይንገራቸው? አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናዋን ወደ ቤት አስገባት። ሰው እንዳያይ መስኮቱን ይዘጋል፤ የአፈሩ ወለል እንዳይጨቀይ ደግሞ ውሃውን ተወው። በደረቁ ይሞርድ ጀመር። ዱቄቱ እንደ ጤፍ ብናኝ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሽሮ ቋቴ ላይ፣ ትራሳችን ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ያርፋል። በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁለት እንስቅ ነበር።

ሳሉ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን፤ ጤና አዳምም ፌጦም አላስታገሰለት። ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቶ እስከ በር ሲመለስ ያለከልክ ጀመር። አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቱን በራጅ አስነስቶ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ትርፍ ጊዜውንስ በምን እንደሚያሳልፍ ጠየቀው። ባሌ ሲነግረው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

“ያ ዱቄት ሳንባህ ውስጥ ነው ያለው” አለው። “አይወጣም። እንዳይጨመርበት ብቻ ነው የምንችለው።”

በአውቶቡስ ሰበታ ተመለስን። ቤት ሲገባ የስፌት መኪናዋን ጠፍር ፈትቶ አወጣው። እሑድ እሑድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወደ ተራራው ማየት ብቻ ቀረለት።

ኦቦ መቅረቱን አይተው በበቅሎ ወርደው መጡ። ማር ይዘውለት ነበር። አጠገቡ ተቀምጠው ሲተነፍስ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“እኔ ነኝ ያመጣሁብህ፣ ልጄ። በገዛ እጄ።”

“ኧረ አይበሉ፣ ኦቦ” አላቸው፤ እያንዳንዱን ቃል በትንፋሽ እየቆረጠ። “አንቱ ባይኖሩ እሑድን እንዴት እገፋው ነበር?”

ክረምቱ ሲገባ ሞተ። ከልጃችን ጎን ቀበርነው። ወንድሜ መጥቶ የኪራይ ቤታችንን አስለቅቆ ሱሉልታ ወሰደኝ፤ የጭነት መኪናው ሾፌር አልጋና ሣጥኑን ጫነና “ድንጋይማ አልጭንም፣ እመቤት” አለኝ። አልተከራከርኩም።

አርባውን ለማውጣት ሰበታ ስመለስ ከቤታችን ጎን ወዳለችው ጎረቤቴ ጎራ አልኩ። የቀድሞው ቤታችን በር ክፍት ነበር። አዲሷ ተከራይ ወጣት ሴት ናት፤ አላወቀችኝም። ግቢው የጋራ ነው፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ድረስ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ቀዩ፣ ነጩ፣ በግማሽ የተሞረደው ጥቁሩ።

“ጭቃው እንዳይዝሽ፣ እትዬ፣ በድንጋዩ ላይ ነይ” አለችኝ። “ጓዳ ተከምሮ አግኝተነው ነው። ክረምቱን እያሳለፈን ያለው እሱ ነው።”

“እሰይ” አልኳት። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ በድንጋዮቹ ላይ ተራመድኩ።