የእትዬ ዘሀራ የስኳር ወረቀቶች

አንድ ወጣት መምህር ባዶ የመኮሮኒ ካርቶን ታቅፎ መርሳ ወዳለው ሱቄ ገባ። ካርቶን የሚሸጥ መስሎኝ ‹‹በቂ አለኝ›› ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። የከተማው ወጣቶች የሸለቆውን ታሪክ ሊያሰባስቡ ተነስተዋል። ከመርሳ እስከ ግራና ያለ ሰው በቤቱ የቀረውን የድሮ ፖስት ካርድ፣ ፎቶግራፍና የጦርነት ዘመን ወረቀት ቢለግሳቸው የሚሰቅሉበት አንድ ክፍል ተሰጥቷቸዋል።

‹‹ጋሼ፣ እርስዎ የነጋዴ ልጅ ነዎት፤ ወረቀት አያጡም›› አለኝ።

‹‹ወረቀትስ ነበረን›› አልሁት፤ ‹‹ስኳር ጠቅልለን ሸጥነው እንጂ።››

ሳቀ። ሰው በእኔ የሚስቀው ቁም ነገር ሳወራ ነው።

ልጅ እያለሁ የአባቴ ሱቅ እዚሁ ዋናው መንገድ ዳር ነበር። ከበሩ ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበልህ የላምባ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የልብስ ሳሙና፤ ከዚያ ደግሞ በጓሮ በኩል ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሀራ ማሳ የሚመጣው የበሰለ ማንጎ። ዛሬ ሁሉም ነገር በላስቲክ ታሽጎ ስለሚመጣ የእኔ ሱቅ የሚሸተው ላስቲክ ላስቲክ ነው። ያኔ ስኳሩም ጨውም ቡናውም በወረቀት ነበር የሚሸጠው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የእኔና የወንድሞቼ ሥራ ወረቀቱን እንደ ሾጣጣ መጠቅለል፣ ጫፉን ማጠፍ፣ አንዲት ፍሬ እንዳታፈስ መጠንቀቅ ነው። በዚያው እንጫወትበታለን፤ የጠቀለለው ያፈሰሰበት ኩርኩም ይቀምሳል። ወረቀቱ አሮጌ ደብተርም ይሁን ጋዜጣ ወይም የመሥሪያ ቤት ፋይል፣ በጆንያ ሆኖ በኪሎ ይመጣል። አባቴ ‹‹ሚዛን ማንበብ አይችልም›› ይል ነበር፤ የተጻፈበትም ያልተጻፈበትም እኩል ይመዝናል ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ትልቅ ጥበብ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ዘሀራ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሰይድ። እኛን ትንንሾቹን ዛፍ ላይ አውጥቶ ማንጎ የሚያስለቅመን፣ እናቱ ብቅ ሲሉ ግን ቀድሞ ዘሎ እኛን ከነማንጎው እዚያው ሰቅሎን የሚጠፋ ጎረምሳ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ወይፈን ሊሸጥ ግራና ወረደ። ወይፈኑን ጎረቤት ነድቶ መለሰው፤ ሰይድን የመለሰ የለም። አፈሳ ነበር። ገበያውን ከበው፣ ጢም ያበቀለውንም ሊያበቅል ያሰበውንም በመኪና ጭነው ለውትድርና ወሰዱት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ፖስት ካርድ መጣ። የዚያ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ ወታደሩ ፎቶ ይነሳና በፖስት ካርድ መጠን አሳጥቦ ከጀርባው ጽፎ ይልካል። ሰይድ የወታደር ልብስ አልለበሰም። ፎቶ ቤቱ የሚያውሰውን ኮት ለብሶ፣ ሸራ ላይ ከተሳለ ባሕር ፊት ለፊት፣ ሽቦው የትም የማይደርስ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። እጅጌው አጥሮት አንጓው ይታያል። እትዬ ዘሀራ ፊደል አልቆጠሩምና ተጠርቼ አነበብሁላቸው፤ ‹‹ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።››

‹‹ድገመው›› አሉኝ። ደገምሁት።

‹‹ከማን ጋር ነው የሚያወራው?››

‹‹ከማንም። ስልኩ እኮ የፎቶ ቤቱ ነው።››

‹‹ሞኝ፤ ለኔ መደወሉ ነው›› አሉ። መርሳ ላይ ስልክ ማን ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ቤት አልነበረም።

አንድ ሌላ ካርድ ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ።

መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ሠራዊት በመንገዳችን ፈሶ አለፈ። የቀበሌው ቢሮ በሩ ተነቀለ፤ ሰው ወንበሩንም ቆርቆሮውንም ተከፋፈለ። ወረቀቱን ግን የፈለገው አልነበረም፤ በጆንያ ሆኖ ወደ ሱቆች መጣ። የተጫኑት ልጆች መዝገብ ከነማኅተሙ የስኳር መጠቅለያ ሆነ። ማንም ክፋት አላሰበም። ወረቀት ተወዶ ነበር፣ ወረቀት ተገኘ፣ አለቀ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ዘሀራ ልጃቸውን ፍለጋ ወልድያ ይመላለሱ ነበር። ያሸነፈው ለሞቱበት መርዶ ያረዳል፤ የተሸነፈው መንግሥት ግን ራሱ ሞቷል፣ ማን ያርዳ? ወልድያ ላይ አንዱ ሹም ‹‹ለመዝመቱ ማስረጃ አለዎት? ጅቡቲ ለንግድ ሄዶስ ቢሆን?›› አላቸው። እንዲህ ሆነው ለቅሶ መቀመጥም አልቻሉ፣ ሰደቃ ማውጣትም አልቻሉ። ‹‹በሕይወት ባለ ልጅ ላይ አላሟርትም›› ይላሉ።

አንድ ቀን ከእኛ ሱቅ የተላከላቸውን ስኳር ሲፈቱ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አዩ። ማንበብ ባይችሉም የቀበሌውን ክብ ማኅተም ያውቁታል፤ ለሱ ሲሰለፉ ነው የኖሩት። ወረቀቱን ይዘው ሱቅ መጡ።

‹‹ይህ ከየት ነው?›› አሉ አባቴን።

‹‹ከጆንያው ነው፣ ዘሀራ።››

‹‹ጆንያው የታለ?››

አባቴ ባዶውን ጆንያ አነሳና አሳያቸው። የመጨረሻውን ጥቅል ሲሪንቃ ላይ የደገሱ ሰዎች ለሠርገኛ ሻይ ገዝተው ወስደውታል።

እትዬ ዘሀራ አልጮኹም። ‹‹እንግዲያ ሚዛንህን ጠይቅልኝ፤ ልጄ ምን ያህል ይከብድ ኖሯል?›› አሉትና ወጡ። አባቴ ያችን የሚዛን ንግግሩን ከዚያ ቀን ወዲያ ሲደግማት አልሰማሁም።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞሩ። ሲሪንቃ ሠርጉ ቤት ድረስ ሄዱ። ሰው ስኳሩን ወደ ጣሳ ገልብጦ ወረቀቱን ለእሳት መለኮሻ ምድጃ ሥር ያኖረዋል፤ እሳቸው እዚያ ተንበርክከው ይለቅማሉ፤ ከእሳት የተረፈውን፣ አይጥ የቆረጠመውን፣ ተጣብቆ የተቀደደውን። አንዱ ‹‹እትዬ፣ ስኳር በነጻ አማረዎት እንዴ?›› ብሎ ቢቀልድባቸው ‹‹አንተ ስኳሩን ላስ፤ እኔ የሰው ልጅ እየፈለግሁ ነው›› አሉት።

አንባቢው እኔ ነበርሁ። የእከሌ ልጅ እከሌ፣ ከዚህ መንደር፣ በዚህ ቀን። የሐራ ልጆች ወጡ፣ የግራና ልጆች ወጡ። የሰይድ ስም አልወጣም። እናቶች እየሰሙ መጡ፤ የልጃቸውን ስም ስጠራ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ የሚሉ ነበሩ። ወረቀታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዷ መልስ አግኝታ ለቅሶዋን ተቀምጣ ትነሳለች። ወረቀቱንም መልሰው ያመጡታል፤ ዘሀራ ዘንድ አይጠፋም ብለው። አገሬው ሁሉ እሳቸው ቤት መጥቶ ልጁን አገኘ። ያላገኙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በቅርቡ ጦርነት ከመርሳ ስንሸሽ እኔ ያዳንሁት የሱቄን ቁልፍ ነው፤ ሱቁን ዘርፈው ቁልፉን ተዉልኝ። እትዬ ዘሀራ በዚያ እርጅናቸው ወረቀቶቹንና ሁለቱን ካርዶች በነጠላ ጠቅልለው አዝለው ነበር። ይህን ስለማውቅ መምህሩን ይዤው ወደ እሳቸው ሄድሁ።

‹‹ስሙን ትጽፉለታላችሁ?›› አሉት።

‹‹እንዴታ፣ እማማ።››

‹‹ሰይድ። ከግራና ገበያ ታፍሶ የሄደ። እንዲህ ብለህ ጻፍ።››

መምህሩ ስልኩ ላይ ጻፈ። ካርዶቹን እያገላበጠ አደነቀ፤ ኮቱን፣ ባሕሩን፣ ስልኩን። ወረቀቶቹን ግን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና ‹‹እነዚህ ሻግተዋል፤ ጉንዳንም ይጠራሉ። ለመስቀል አይሆኑም›› አለ። ካርዶቹን ካርቶኑ ውስጥ አድርጎ ወጣ።

እትዬ ዘሀራ ወረቀቶቹን መልሰው እያጠፉ ‹‹እነዚህም እንደ ፊተኞቹ ናቸው›› አሉኝ፤ ‹‹የኔን ወሰዱ፣ የሰውን ትተውልኝ ሄዱ።››

ክፍሉ የተመረቀ ዕለት ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኋቸው። ሰይድ ትልቅ ሆኖ፣ በመስታወት ገብቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ ‹‹የአካባቢያችን የቀድሞ አለባበስ›› ይላል። ሌላ ቃል የለም።

‹‹አንብብልኝ›› አሉኝ። በሸቀጥ ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ይህን ግን እንዳለ አነበብሁላቸው። ‹‹ኮቱ እኮ የሱ አልነበረም›› አሉ።

በማግስቱ ስሙን እንዲያስገቡ፣ እምቢ ካሉም ካርዱን እንዲመልሱ ልጠይቅ ሄድሁ። መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ክፍሉን የሚጠብቀው ልጅ ትሁት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

‹‹ጋሼ፣ የእሳቸው ለመሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል። ያስረከቡበት ሰነድ የለም?››

‹‹በመኮሮኒ ካርቶን ነው የወሰዳችሁት።››

‹‹እሱማ ማስረጃ አይሆንም።››

ልጅ እያለሁ እትዬ ዘሀራ ያጡት ልጃቸው ለመሄዱ የሚመሰክር ወረቀት ነበር። አሁን ደግሞ ለልጃቸው እናት መሆናቸውን የሚመሰክር አጡ። ያኔ ሳናነብ ነው ያጠፋነው። ዛሬ አንብበው፣ መርጠው፣ መስታወት አልብሰው ያጠፉታል፤ ያውም በጭብጨባ።

አሁን ከጁምዓ ሶላት በኋላ እትዬ ዘሀራ በምርኩዝ ይሄዱና ከፎቶው ሥር ይቀመጣሉ። ጎብኚ ሲቆም ‹‹ሰይድ ነው፤ የኔ ነው፤ ከግራና ገበያ አፍሰው ወሰዱት›› ይላሉ። ተማሪዎቹ ይጠቃቀሳሉ። ባለፈው ጁምዓ አንድ ጎረምሳ ‹‹እማማ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ›› ብሎ ከፎቶው ጋር አስተካክሎ በስልኩ አነሳቸው። ‹‹በጣም ያምራል›› አለና አመስግኖ ወጣ። ስማቸውን አልጠየቃቸውም።